ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ፈረስ

ሮያ ማክሰኞ ዕለት ደውላ የአባቷ የመቃብር ድንጋይ መተከሉን ነገረችኝ። «አሙ በየነ፣ ቅዳሜ ሙት ዓመታቸው ነው። ፈረሱን ሳያዩት እንዳይቀሩ» አለችኝ። አሙ በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልጅቱ ሥርዓት ስላላት አንቱ እንዳለችኝ አድርጌ ነው የምሰማት። እመጣለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም እህልም አልስማማ ብሎኛል። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ፈረስ የኔ ሥራ ነው። መሮ አልያዝኩም፤ ግን አባቷ በመጨረሻ ሳምንቶቻቸው ደጋግመው የሚሏት አንዲት ቃል ነበረች፤ ሮያ ምን ማለት ነው ብላ ብትጠይቀኝ «ፈረስ ማለት ነው» ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ፈረስ ማለት አልነበረም። ይህን ከኔና ከባለቤቴ ከአስቴር በቀር የሚያውቅ የለም። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ይኸው እገላበጣለሁ።

ረቡዕ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ከምኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሄድ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከኮቷ የአብሽ ሽታ መጣ። እኛ የአብሹን ፍሬ ነው የምናውቀው፤ ኢራኖች ግን ቅጠሉን ከሌላ ቅጠላ ቅጠል ጋር ጠብሰው ወጥ ይሠሩበታል፣ ሽታውም ልብስ ላይ ሦስት ቀን ይከርማል። የሮያ አባት የዶክተር ባህራም ሹራብ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ይህን ሳስብ ፌርማታዬ አለፈኝ። ወርጄ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ከሳቸው ጋር የሠራንበት ያ አሮጌ ላውንደሪ ትዝ አለኝ። ኢስት ዮርክ ውስጥ፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት፣ መስኮቱ በእንፋሎት የታወረ ትልቅ ቤት ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ኮንዶ ቆሟል፤ ታችኛው ፎቅ ላይ የውሾች ፀጉር የሚስተካከልበት ሱቅ አለ። ያኔ ለምድር ባቡር የምንከፍልባት የሰብዌይ ቶክን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንሽዬ ነበረች፣ ኪስ ውስጥ ስትጠፋ ግማሽ ቀን ታስፈትሻለች። አንድ ቡናና አንድ ዶናት በአንድ ዶላር ይገኙ ነበር፣ የሚተርፍ ሳንቲምም ነበር። የክረምት ጃኬቴን የገዛሁት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ የልባሽ ሱቅ ነው፤ ኮሌታው ውስጥ የማላውቀው ሰው ስም በቀለም ተጽፎበት ስለነበር ሥራ ቦታ ስድስት ወር ሙሉ በዚያ ስም ነው የጠሩኝ። ዳንፎርዝ ያኔ የግሪኮች ነበር፤ የኛ ሰው ሱቅ አንድ ብቻ፣ እሱም በርበሬና የዘፈን ካሴት በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚሸጥ። ካሴቱ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።

አንሶላ ማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በዚያ ጫፍ አንዱ በዚህ ጫፍ ይይዛል፣ ወጠር ያደርጉታል፣ ያጥፉታል፣ ወደ መሀል ተራምደው እጅ ለእጅ ይገናኛሉ፣ እንደገና ይለያያሉ። ከዶክተር ባህራም ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ስንገናኝና ስንለያይ ኖርን። ከኔ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጡ ነበር። ቁመታቸው አጭር፣ ቅንድባቸው እንደ ጥርስ ብሩሽ የቆመ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ እንኳ ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ነበሩ። በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ የጥንት ታሪክ ያስተምሩ ነበር አሉ። የሕዝባቸውን አመጣጥ በተመለከተ የጻፉት ነገር ለወረደው መንግሥት አልጣመም፣ ለወጣውም አልጣመም፤ እንዲህም ሆነው አንሶላ ላይ ወደቁ። የመጀመሪያ ቀን «እናንተ የኛን አገር ሰዎች ምን ብላችሁ ትጠራላችሁ?» አሉኝ። ቸርች ከሰማሁት አውጥቼ «ፋርስ» አልኳቸው። «ደግ! ጋሪ የሚጎትተውን፣ ሰው የሚቀመጥበትንስ?» «ፈረስ» አልኩ። ዶክተር አንሶላውን ለቀው ጋሪው ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አጋ በየነ፣ እኔ አራት መቶ ገጽ ጽፌ ያልጨረስኩትን እናንተ በሁለት አናባቢ ልዩነት ጨረሳችሁት!» አሉኝ፤ አጋ አቶ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረስ የሁለታችን ቀልድ ሆነ። ጠዋት ስንገናኝ ሰላምታችን እንኳ «ፈረሱ እንዴት አደረ?» ነበር።

ታሪኩንም ያስተማሩኝ በአንሶላ ነው። ትልቁን የድርብ አልጋ አንሶላ ወጥረን ስንይዝ «ይህ ሁሉ ሣር ነው» ይሉኛል። «እርስዎ የያዙት ጫፍ ቻይና አጠገብ ነው፤ እኔ የያዝኩት ጥቁር ባሕር ዳር። አባቶቻችን ከዚህ ሣር ነው የወረዱት፣ ከብትና ፈረስና ጋሪ ይዘው። በአንድ ቀን አልመጡም፤ በብዙ መቶ ዓመት፣ አንዱ ቤተሰብ ከሌላው ኋላ። ራሳቸውን አርያ ብለው ይጠሩ ነበር፤ ያንን ስም በኋላ ሌሎች ወስደው አቆሸሹት።» ሜዶንን እስከዚያ ቀን ድረስ የአንድ ንጉሥ ስም ይመስለኝ ነበር፤ ሜዶንና ፋርስ ሲባል ሁለት ጓደኛሞች። ዶክተር ግን ሜዶኖች ሕዝብ መሆናቸውን፣ እስኩቴሶች በሣሩ ላይ የቀሩ የሥጋ ዘመዶቻቸው መሆናቸውን፣ ኩርዱም ፓሽቱኑም ባሉቹም የአንድ ቋንቋ ልጆች መሆናቸውን ጨርቁን በአገጫቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። «ደግሞ ባዶ አገር አልጠበቃቸውም» ይላሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ፤ ለዚህ ነገር ነበር ሥራቸውን ያጡት። «ኤላሞች ከነከተማቸው፣ ከነጽሕፈታቸው ቁጭ ብለው ነበር። ተጋቡ፣ ተዋለዱ። ፋርስ ማለት የመጣውም የነበረውም ነው። ንጹሕ ዘር የሚባል በዚህ ላውንደሪ ውስጥ እንኳ አናጥበውም።» እኔም አገሬን አሰብኩና አንገቴን ደፋሁ፤ «ዘርህ ከየት ነው» የሚለው ጥያቄ የኛንም ስንት ቤት እንዳፈረሰ አውቃለሁ፣ አሁንም እያፈረሰ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሜዶኖችን መጀመሪያ ድንጋይ ላይ የጻፏቸው ፈረስ የሚያስገብሯቸው የአሦር ነገሥታት ናቸው አሉኝ። «ሰውን ድንጋይ ላይ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ነው፣ አጋ በየነ።» ይህን የተናገሩት የትራስ ልብስ እየቆጠሩ ነው፤ እኔም እንደ ዋዛ አለፍኩት።

የዶክተር እናት ፋርስኛ አትችልም ነበር። ዶክተር የተወለዱት ተራራ ላይ ካለ ትንሽ መንደር ነው፣ የመንደሩም ቋንቋ ሌላ ነው፤ እንደ ዶክተር እምነት የጥንት ሜዶኖች ንግግር ርዝራዥ። «ሜዶኖች አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ አልተዉልንም» ይሉ ነበር። «አንድ የጥንት ግሪካዊ ግን ከአፋቸው አንዲት ቃል ሰምቶ ጻፈ። ከዚያ ሁሉ መንግሥት የተረፈችው የውሻ ስም ናት! እናቴ ውሻችንን ስትጠራ ያችን ቃል ነበር የምትለው፣ ትንሽ ተሸራርፋ።» እኔ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረኝ፤ የእናታቸውን ቃላት በኛ ፊደል እጽፍላቸው ነበር። የኛ ፊደል አናባቢዋን ሳትውጥ ስለምትይዝ ደስ ይላቸዋል፤ የጻፉትን ያንብቡልኝ ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሮያን ግን ይህን ቋንቋ አላስተማሯትም። «ምን ይሠራላታል?» አሉኝ። እኔም ልጆቼ በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ሲመልሱልኝ ሳላርማቸው ያለፍኩ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን ፈረስን «አስብ» ነው የምንለው አሉኝ፤ ቃሏ በፋርስኛም በእናታቸውም ቋንቋ አንድ ናት። ያን ቀን የሳቅ ተራ የኔ ሆነ። በኛ ቋንቋ አስብ ማለት ጭንቅላትህን ተጠቀም ማለት ነው ብላቸው «እንግዲያው ፈረሳችን ከኛ ይሻላል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንሶላውን አጣምሜ ባጠፍኩ ቁጥር ከዚያኛው ጫፍ «አስብ! አስብ!» ይሉኝ ነበር። ሌላም ነገር ነገሩኝ፣ መቼ እንደሆነ ረስቼዋለሁ፣ ማሽኑ እየጮኸ ነበር፣ እኔም ሚስቴን ለማምጣት ያስገባሁት የስፖንሰርሺፕ ወረቀት ስለተመለሰብኝ ቀልቤ ቦታው ላይ አልነበረም። ከዋናው ነገር ይልቅ ከረባታቸውን የፈቱት የዚያን ቀን ብቻ መሆኑ ነው የታወሰኝ። አንገታቸው ነጭ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ስጽፍም እጄ እርጥብ ነበር። ሰማሁ እንጂ አላዳመጥኩም።

ላውንደሪው ተዘጋ፣ ተበታተንን። እኔ የሕንፃ ጽዳት ገባሁ፣ እሳቸው እርጅና ገባቸው። ለበዓላቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ከዚያ መርሳት ጀመሩና ኖርዝ ዮርክ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ቤታቸው ሲለቀቅ የሠላሳ ዓመት ጽሑፋቸው ወረቀት በሚጣልበት በሰማያዊው የሪሳይክሊንግ ቢን ወጣ። ሮያ ጽሑፉን ያዙልኝ ብላ ሁለት ቦታ ጠይቃ አንቀበልም ተብላለች፣ እሷ የምትኖረው በአንድ ክፍል ነው፣ ምን ታድርግ። ቋንቋዎቻቸውም ተራ በተራ ወጡ። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ሄደ፤ እኔና እሳቸው በዚያን ቀን መነጋገሪያ አጣን። ቀጥሎ ያስተማሩበት፣ የጻፉበት ፋርስኛ ሄደ፤ ሮያም አጣቻቸው። የቀረው የእናታቸው ንግግር ብቻ ሆነ፣ ያንን ደግሞ በቶሮንቶ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም።

በዚያን ጊዜ ነው ሮያ ስልክ የደወለችልኝ፣ እያለቀሰች። «አሙ በየነ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሉት። ጠዋት እሱን፣ ማታ እሱን። ጣቶቻቸውን ገመድ እንደያዘ ሰው እያንቀሳቀሱ ይለምኑናል። እኔም፣ ፋርስኛ የምትናገር አንዲት ነርስም አስብ የሚሉ ይመስለናል፣ ግን የቀራቸው የአያቴ ቋንቋ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለንም። እርስዎ የአያቴን ቋንቋ ትንሽ ያውቃሉ፤ ምንድን ነው የሚፈልጉት?» ስልኩን ጆሯቸው አጠገብ አድርጋ አሰማችኝ። ከሩቅ ደከም ብሎ መጣ። አስብ... አስብ... መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ነገር ነበረች፣ እኔ ድካም ነው አልኩ። ደብተሬን ልፈልግ አላልኩም። ስንት ዓመት በሳቅንበት ነገር ምን ደብተር ያስፈልገኛል? «ፈረስ ነው፣ ሮያ!» አልኳት ኮራ ብዬ። «በጣታቸው የሚያሳዩት ልጓም ነው። አባትሽ ፈረስ ነው ያማራቸው።» ልጅቱ እንዴት እንዳመሰገነችኝ! ሰው መሆኔ የታወቀኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያ ክፍል በፈረስ ተሞላ። የፈረስ ሥዕል ግድግዳው ላይ፣ የእንጨት ፈረስ ኮመዲኖው ላይ፣ ሮያ በስልኳ ሜዳ ላይ የሚጋልቡ ፈረሶች እየከፈተች ታሳያቸዋለች። ልጠይቃቸው ስሄድ እኔም ከዳንፎርዝ አንድ ትንሽ የነሐስ ፈረስ ገዝቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። አዩት። እኔንም አዩኝ። ያንን ዐይን አልረሳውም፤ አንሶላ አጣምሜባቸው የሚያዩኝ ዐይን ነበር፣ ሳቁ የሌለበት። ፈረሱን ብርድ ልብሱ ላይ ለቀቁትና ጣቶቻቸውን እንደገና ያንቀሳቅሱ ጀመር፣ በአየር ላይ የሆነ ነገር እንደሚታገሉ። ከዚያ ቃሏን አሉ። እኔም ጮክ ብዬ «አዎ ዶክተር፣ አስብ! አስብ!» አልኳቸው፣ የጥንቱ ቀልዳችን እንዲታወሳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞቱ።

ደብተሩን ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው። ከክሬሰንት ታውን ወደ ፍሌሚንግደን ስንዛወር ያልተፈታ አንድ ካርቶን ነበረን፤ አስቴር የክረምት ጫማ ፍለጋ ከፈተችው። ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። የራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በእርጥብ ጣት የደበዘዘ። «አስብ፦ ፈረስ።» ከሥሩ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «አስባ፦ ውሻ። ያቺ የሜዶን ቃል። ዶክተር ከመንደራቸው ሲሸሹ፣ እናቴ ትፈታዋለች ብለው ውሻቸውን በር ላይ አስረውት ሄዱ። እናት በዚያው ጠዋት ልጄን ልፈልግ ብላ በሌላ መንገድ ወጥታ ነበር። በዚያ ሰሞን መንደሩ ባዶ ሆነ። ማን እንደፈታው አያውቁም።» እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፣ በእርጥብ እጄ፣ ስለ ሚስቴ ወረቀት እያሰብኩ። ሲሸሹ ተከትሏቸው እንዳያስይዛቸው ነበር ያሰሩት፤ ያኔ የነገሩኝ ሁሉ ቀስ እያለ ተመለሰልኝ። ያቺ መጨረሻ ላይ የሰማኋት ትንፋሽ ድካም አልነበረችም፣ ፊደል ነበረች። ጣታቸውም ልጓም አልያዘም፤ ቋጠሮ እየፈታ ነበር።

አስቴር እሷም መጦሪያ ቤት ነው የምትሠራው፣ ሽማግሌዎች ታጥባለች። አንብቤላት ስጨርስ ራሷን ያዘች። «ኮል አድርግላትና ንገራት» አለችኝ መጀመሪያ። «ምን ብዬ?» አልኳት። «አባትሽ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የታሰረ ውሻ ፍቱልኝ ብለው ሲለምኑን እኛ ፈረስ እያሳየን ገደልናቸው ልበላት?» አስቴር አሰበች። «ቆይ፣ ለማን ብለህ ነው የምትነግራት? ለሷ ነው ወይስ ላንተ ሪሊፍ?» ደብተሩን ዘጋሁት። «ልጅቱ ያላት ያ ፈረስ ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱንም ከወሰድክባት በኋላ ምን ትሰጣታለህ? አይ ዶንት ኖው፣ በየነ። እኔ አልፈርድብህም፣ ጸልይበት።» ጸለይኩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባል አውቃለሁ። ግን ይህ አረም ቢነቀል የሚበቅል ሌላ እህል የለም፤ ሰውዬው ሞተዋል፣ መንደሩ የለም፣ ቋንቋው የለም፣ ውሻውም የዛሬ ሃምሳ ዓመት ምናልባት በር ላይ አልቋል።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቀኑ ብርድ ነበር፣ ፀሐይ ያለበት የቶሮንቶ ብርድ፣ ሰውን የሚያታልለው። ሮያ ተምርና ውኃ ይዛ ቆማለች፤ ሌላ ሁለት ሦስት ሰው። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ስማቸው በፋርስኛና በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ ፈረሱ፤ አንገቱን ሰብሮ የሚጋልብ፣ የሚያምር ፈረስ። ከጀርባው በሽቦ አጥር በኩል መኪኖች ያልፋሉ። ሮያ ክንዴን ያዘች። «የመጨረሻ ምኞታቸውን ስላወቅን ነው የተጽናናሁት» አለች። «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ሳይገባን ይሞቱ ነበር። አባቴ የሚወዱት ይመስልዎታል?» ደብተሩ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ እጄም ደብተሩ ላይ። «በጣም ይወዱታል» አልኳት።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የኔው ፈረስ አላደረሰም። የሜዶንና የፋርስ ሕግ አይለወጥም ብሎ የቸርቻችን ሽማግሌ ሲሰብክ አሜን እል ነበር፤ ድንጋይ ላይ ከተጻፈ በኋላ ግን የማን ሕግ ይለወጣል? ሮያና እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። እኒያ ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስብ አስብ ብለውኛል፣ እኔ ግን በሚያስፈልጋቸው ቀን አላሰብኩም። ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማ፣ በራሳቸው ቋንቋ ውሻው ተፈትቷል ልላቸው ፈለግሁ። ውሸትም ቢሆን። «አስባ» አልኩና ቆምኩ። ደብተሩን አወጣሁ፤ በጓንቴ ገጹን ገለበጥኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ውኃ አለ፣ እናት አለ፣ በረዶ አለ፣ በር አለ። «ተፈታ» የሚል የለም። አልጠየቅኋቸውም ነበር።